ባለ ሦስት ጎማ የሕፃን ጋሪ፦ ለጅማ ኮብልስቶን ይሆናል ወይስ ገንዘብ መጣል ነው?

የቦሳ ኪቶ እናት
ማክሰኞ፣ ማታ 3:15

ሰላም የጅማ ልጆች፣ ከሌላም ከተማ የምታነቡ። ልጄ ነገ አምስት ወር ይሞላታል። ባለፈው ስትመዘን 7 ኪሎ ልትሞላ ትንሽ ነበር የቀራት። እኔ ደግሞ ከወለድኩ ወዲህ ወገቤ አልተመለሰልኝም፤ ሐኪሙ «ለጊዜው ማዘሉ ይቅርብሽ» ብሎኛል። ስለዚህ «እዘያት በቃ» ልትሉኝ ያሰባችሁ ሁሉ ተውኝ፣ እናቴ በቀን ሦስቴ ትለኛለች።

ያለሁበት ነገር ይኼ ነው። ከቤቴ እስከ ኮብልስቶኑ ድረስ ቀይ ጭቃ ነው፣ መቶ እርምጃ ያህል። ከዚያ ኮብልስቶን፣ ከዚያ አስፋልት። ጠዋት ልጅቷን እናቴ ጋ አድርሼ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። እናቴ ያለችው ወደ ጅሬን መውጫ ስለሆነ መሐል ላይ ባጃጅ አለ።

ሁለት ጋሪ አግኝተናል፤ ሁለቱም ባለ ሦስት ጎማ። አንደኛው አዲስ ነው፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ፣ 16 ሺህ ብር። ግራጫ፣ የሚያምር፣ የሻይ ኩባያ ማስቀመጫ ሁሉ አለው። ጎማዎቹ ትናንሽ ናቸው፣ ደረቅ ፕላስቲክ። ሁለተኛው ያገለገለ፣ አንዲት ከውጭ የመጣች እናት ለቤተሰቧ ትታው የሄደች፣ 11 ሺህ። እሱ እንደ ብስክሌት በንፋስ የሚነፋ ትልልቅ ጎማ ነው ያለው፣ ግን ሁለቱ ተንፍሰዋል፣ ጨርቁም በፀሐይ ለቅቋል። ባለቤቴ አዲሱን ይላል። እኔ ልቤ ወደ አሮጌው ሄዷል፣ ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አልቻልኩም። ደግሞስ ለምን ሦስት? አራት ጎማ አይሻልም ወይ?

አንቀልባ ይሻላል
ማክሰኞ፣ ማታ 3:22

እዘያት በቃ 😂

የቦሳ ኪቶ እናት
ማክሰኞ፣ ማታ 3:24

አወቅኩ! ሰባት ደቂቃ ነው የፈጀብህ።

አንቀልባ ይሻላል
ማክሰኞ፣ ማታ 3:31

ይቅርታ እህቴ፣ ወገብሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ቀልዴን ትቼ፣ አባትየውስ አያዝልም? እኔ ሁለቱንም ልጆቼን አዝዬ ከፈረንጅ አራዳ እስከ አዌቱ ድልድይ ስሄድ የሳቀብኝ የለም። እሺ፣ ሳቁ። ግን አልሞትኩም።

ባለ ባጃጁ
ማክሰኞ፣ ማታ 4:05

ስለ ሦስት ጎማ እኔ ካልተናገርኩ ማን ይናገራል። ዘጠኝ ዓመት ሦስት ጎማ ላይ ነው የተቀመጥኩት።

እህቴ፣ ሦስት ጎማ የሚገለበጠው እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፣ ጋሪውም ባጃጁም ያው ነው። ወደ ፊትም ወደ ኋላም በቀላሉ አይወድቅም። የሚወድቀው ወደ ጎን፣ ያውም ወደ ፊት ባዘመመ ጎን ነው። በሐሳብሽ ከፊተኛው ጎማ እስከ ቀኙ የኋላ ጎማ መስመር አስምሪ፣ በግራም እንደዚያው። ክብደቱ በሁለቱ መስመሮች መሐል እስካለ ድረስ ሰላም ነው። በፍጥነት ስትጠመዘዢ ግን ክብደቱ ወደ ውጭ ይሸሻል፤ መስመሩን ካለፈ አበቃ። አራት ጎማ ፊት ለፊቱ ሰፊ ስለሆነ እዚያ መስመር ለመድረስ ብዙ ይቀረዋል። እኛ ጀማሪ ሹፌር የምንለየው በዚህ ነው፦ ፍሬን ይዞ ይጠመዘዛል። ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ ፊት ደግሞ ያለው አንድ ጎማ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ ተሳፋሪው መሬት ያያል።

ለጋሪ ይኼ ማለት ምን ማለት ነው? የኋላ ጎማዎቹ በደንብ የተራራቁ ይሁኑ። ልጅቷ የምትቀመጥበት ዝቅ ይበል፣ ወደ ኋላም ጋደል ያለ ይሁን። ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ስትወርጂ በሰያፍ አትውረጂ። ዞረሽ የኋላ ጎማዎቹን መጀመሪያ አውርጂ፣ ሁለቱንም እኩል። ያ ሱቅ ውስጥ ያለው ትንሹ ጋሪ መቀመጫው ከፍ፣ የኋላ እግሩ ጠበብ ያለ ከሆነ እኔ አልሳፈርበትም።

በርጩማ ሻጭ
ማክሰኞ፣ ማታ 4:40

ባለ ባጃጁ ግማሹን ተናገረ፣ ግማሹን እኔ ልሙላ። የጅማ በርጩማ ለምን ሦስት እግር ሆነ? አያቶቻችን አራተኛ እግር ማውጣት አቅቷቸው አይደለም፣ ከአንድ ግንድ ነው የሚፈለፈለው፣ አምስትም ማውጣት ይቻላል። የቤቱ ወለል አፈር ነበር፣ ወጣ ገባ። አራት እግር ያለው ነገር ወጣ ገባ ላይ ስታስቀምጪው አንዱ እግር ሁሌ ይንጠለጠላል፣ ቂጢጥ ቂጢጥ ይላል። ሦስት እግር የትም ብታደርጊው ሦስቱም መሬት ይነካሉ። አንዱ ዝቅ ካለ በርጩማው ያዘነብላል እንጂ አይወዛወዝም።

ኮብልስቶን ላይ ባለ አራት ጎማ ርካሽ ጋሪ ሲንገጫገጭ ያየ ሰው ይገባዋል። ሁልጊዜ አንዱ ጎማ አየር ላይ ነው፤ ያ ጎማ ሲያርፍ ሌላው ይነሳል። ስለዚህ ሦስት መሆኑ ለእኛ ከተማ መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ባለ ባጃጁ ያለው ደግሞ እውነት ነው፣ በርጩማም ላይ ወደ አንድ ጎን ተለጥጠሽ ዕቃ ልታነሺ ብትይ ትገለበጫለሽ፤ እንግዶቻችን ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ወድቀውልናል።

ባለ ባጃጁ
ማክሰኞ፣ ማታ 4:44

ልክ። ሲቆም በርጩማ ነው፣ ሲሮጥ ባጃጅ ነው።

ተቆጭቼ የቀረሁ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1:10

እኔ ደግሞ ያንን ዓይነት ትንሽ ጎማ ያለውን ነው የገዛሁት፣ ዓምና። የሻጩን ስም አልጠራም፣ ዕቃው ራሱ ይናገራል። መጀመሪያ ቀን ሱቁ ውስጥ ሴራሚክ ላይ ስገፋው እንደ ቅቤ ነበር። በአንድ ጣት! ደስ ብሎኝ ሳልከራከር ከፈልኩ። ቤት ስደርስ ኮብልስቶኑ ላይ የፊት ጎማው የዘንባባ ቅጠል የሚያክል ውፍረት ሆኖ ድንጋይና ድንጋይ መሐል ገብቶ ተሰነቀረ። እኔ እየገፋሁ፣ ጋሪው ቆሞ። ልጄ ወደ ፊት ተደፋ፣ ቀበቶው ነው ያስቀረልኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ እየጎተትኩት ነው ኮብልስቶን የምሻገረው፣ እንደ አህያ። በሁለት ወሩ የፊት ጎማው ኩሽኔታ እየጮኸ መጣ፣ አሁን በረንዳ ላይ የልብስ መቆንጠጫ ማስቀመጫ ሆኗል።

ሱቅ ውስጥ አትሞክሪው። ውጪ አውጥተሽ ሞክሪው። እምቢ ካሉ ተዪው።

ነርሷ
ረቡዕ፣ ጠዋት 2:30

እንደምን አደራችሁ። ስለ ጎማው እናንተ ታውቃላችሁ፣ እኔ ስለምትቀመጥበት ልጅ ልናገር፣ ማንም አላነሳውምና።

እህቴ፣ ልጅሽ አምስት ወሯ ነው። አንገቷን ትይዛለች፣ ግን ያለ ድጋፍ ትቀመጣለች? ብዙ ልጆች ስድስት ወር አካባቢ ነው ያለ ድጋፍ የሚቀመጡት። ከዚያ በፊት ቀጥ አድርጎ የሚያስቀምጥ ጋሪ አይሆናትም። ወገቧ ይታጠፋል፣ አገጯ ደረቷ ላይ ይወድቃል፣ አገጭ ደረት ላይ ከወደቀ ደግሞ አየር በደንብ አያልፍም። ጋሪው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ልጅ በጀርባ ጠፍጣፋ የሚተኛበት ከሆነ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮም ይሆናል። ብዙዎቹ ትልልቅ ጎማ ያላቸው ለሩጫ የተሠሩ ጋሪዎች ግን እስከ መጨረሻው አይዘረጉም። ስለዚህ ጀርባውን አውርደሽ እዪው፣ ምን ያህል ይተኛል? ካልተኛ አንድ ወር ታገሺ።

ቀበቶው ደግሞ አምስት ቦታ የሚይዝ ይሁን፦ ሁለት ትከሻ፣ ሁለት ወገብ፣ አንዱ በእግሮቿ መሐል። ሆድ ላይ ብቻ የሚያልፍ ቀበቶ ልጅን ከሥር አሹልኮ ይጥላል። ተቆጭቼ የቀረሁ እንደነገረን፣ ቀበቶ ካልታሰረ ጋሪ አይገፋም፣ እስከ በር ድረስም ቢሆን።

ሌላው ነጠላ ነው። ፀሐይ ሲወጣ ጋሪውን በነጠላ ወይም በጋቢ ሸፍነው ሲሄዱ አያለሁ። ጥላ መሰላቸው፤ ውስጡ ግን በአጭር ጊዜ እንደ ምድጃ ይሞቃል፣ አየርም አይዘዋወርም። የራሱን ጥላ ተጠቀሙ። ለትንኝ ከሆነ አጎበር ጣል አድርጉበት፣ እሱ አየር ያሳልፋል።

የቦሳ ኪቶ እናት
ረቡዕ፣ ቀን 7:05

ነርሷ፣ እጅሽ ይባረክ። ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ አየሁት። አሮጌው ጀርባው ይወርዳል ግን ጠፍጣፋ አይሆንም፣ እንደ ሰነፍ ወንበር ጋደል ይላል። አዲሱ ጭራሽ አይወርድም ማለት ይቻላል፣ ሁለት ደረጃ ብቻ። ባለሱቁን «ለአምስት ወር ይሆናል?» ብለው «ከተወለደ ጀምሮ ይሆናል እኅቴ፣ ትራስ ጣል ያድርጉበት» አለኝ።

ነርሷ
ረቡዕ፣ ቀን 7:20

ትራሱን ለራሱ ያድርገው። ትራስ ጭንቅላቷን ወደ ፊት ይገፋል፣ ያልኩሽን ነገር ያባብሰዋል።

ሳይክል ጠጋኝ
ረቡዕ፣ ማታ 1:50

ዘግይቼ ነው ያየሁት። አሮጌውን ግዢ፣ ከዚያም ወደ እኔ አምጪ ማለት ነበረብኝ፣ ግን ለሁሉም የሚጠቅመውን ልጻፍ።

የተነፈሰው ጎማ አያስፈራሽ። ላስቲኩን ጎኑ ላይ እዪው፣ ቁጥር ተጽፎበታል። 12 ½ × 2 ¼ የሚል ካገኘሽ ዕድለኛ ነሽ፣ እሱ የልጆች ብስክሌት መጠን ነው። ካላማዳሪው የትም ይገኛል፣ ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይበልጥ። እሺ፣ ትንሽ አጋነንኩ። የሩጫ ጋሪ ከሆነ የኋላዎቹ 16 ሊሆኑ ይችላሉ፣ እሱም የልጆች ብስክሌት ነው። አንዳንድ የጋሪ ካላማዳሪ አፉ ጠመም ያለ ነው፣ ቸርኬው ትንሽ ስለሆነ የፖምፓ ጭንቅላት እንዲገባ። ቀጥ ያለ አፍ ብናደርግበትም ይሠራል፣ ለመንፋት ነው የምንቸገረው።

አሁን ዋናው። ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር አታስነፉ! የመኪና ልጅ የለመደው የመኪና ጎማ ነው፤ አንዴ ፍስስ ካደረገው ጆሮሽ ላይ ይፈነዳል። ጎኑ ላይ የተጻፈውን ግፊት አንብቢና በእጅ ፖምፓ ንፊ። ደግሞም እስከ ጫፉ አትሙዪው። ድንጋይ ላይ ልጅቷን የሚያቅፋት ያ ንፋስ ነው፣ ጎማው ትንሽ ለስለስ ሲል ኮብልስቶኑን ይውጠዋል። በአውራ ጣትሽ ስትጫኚው ትንሽ ገባ ማለት አለበት፣ ቸርኬ እስኪነካ ግን አይሁን። ደረቅ ፕላስቲክ ጎማ አይበሳም፣ እውነት ነው፤ ግን እያንዳንዱን ድንጋይ ቀጥታ ለልጅቷ አከርካሪ ነው የሚያደርሰው።

ስትገዢ አንድ በአንድ እዪ፦ ጋሪውን ከፍ አድርገሽ ጎማውን አሽከርክሪ፣ ቢያንጎራጉር ኩሽኔታው ሄዷል፣ ይቀየራል። ቸርኬው ግራ ቀኝ ቢል ይታያል። ፍሬኑን ይዘሽ ግፊው፣ መንቀሳቀስ የለበትም። የኋላው አክሰል ሥር ሱስታ ካለ ቂጡን ጫን ጫን አድርጊው፣ ሁለቱም እኩል ይመለሱ። የፊት ጎማው በእጅ በሚፈታ ማጠንከሪያ የተያዘ ከሆነ ደግሞ ሁልጊዜ ከመውጣትሽ በፊት ያዝ አድርገሽ ነቅንቂው። እሱ ሳይጠብቅ ከተሄደ ጎማው ይወልቃል፣ አንድ ፊት ብቻ ነው ያለው፣ እሱ ከወለቀ ምንም የሚይዘው የለም።

የቦሳ ኪቶ እናት
ረቡዕ፣ ማታ 2:15

የፊት ጎማው ላይ ቀይ ነገር አለ፣ ስትጫነው ጎማው መዞር ያቆማል። ተበላሽቶ ነው?

ሳይክል ጠጋኝ
ረቡዕ፣ ማታ 2:21

አይ፣ እሱ ቁልፉ ነው፣ ለእናንተ ሰፈር የተሠራ! ለስላሳ ቦታ ላይ ክፈቺው፣ ጎማው ይዞራል፣ ሱቅ ውስጥ ለማዞር ምቹ ነው። ጭቃና ኮብልስቶን ላይ ቆልፊው፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ካልተቆለፈ ድንጋይ ሲመታው ወደ ጎን ይጣመማል፣ ይንቀጠቀጣል። ተቆልፎ ለመጠምዘዝ እጀታውን ጫን አድርገሽ ፊቱን ከመሬት አንሺና አዙሪ። አንድ ጎማ ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው፣ ባለ አራቱን ግን ሁለቱን ማንሳት አለብሽ።

ሯጩ አባት
ረቡዕ፣ ማታ 5:30

ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ጅማን በዩኒቨርሲቲ ዘመኔ ነው የማውቃት። ጨዋታችሁ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት።

ትልቅ ጎማ ያለው ባለ ሦስቱ ጋሪ ሲጀመር ለሯጭ ነው የተሠራው። በፈረንጆች 1984 ፊል ቤችለር የሚባል አሜሪካዊ ልጁን ይዞ መሮጥ ፈለገ፣ የተለመደው ጋሪ አላስሮጠው አለ፣ የብስክሌት ጎማ ገጠመበት። ከዚያ በፊት 1965 ላይ ኦወን ማክላረን የሚባል እንግሊዛዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፈውን ቀላል የአልሙኒየም ጋሪ ሠርቶ ነበር። ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ 1733 ላይ ዊልያም ኬንት ለአንድ መስፍን ልጆች የሠራው ጋሪ በፍየል ወይም በትንሽ ፈረስ የሚጎተት ነበር ይባላል። የእኛ ከተሞች የፈረስ ጋሪ እያላቸው እኛ አላሰብነውም!

ለምን ይኼን አነሳሁ፣ ሁለቱ ዕቃዎች የተሠሩበት ሐሳብ የተለያየ ነው። የጃንጥላው ዓይነት ታጥፎ በብብት ይገባል፣ መንገዱ ግን ለስላሳ መሆን አለበት። የሩጫው ዓይነት መንገድ አይመርጥም፣ ግን ታጥፎም በር ያክላል። ያንቺ አዲሱ ጋሪ የትኛውም አይደለም። ቅርጹን ከሩጫው፣ ጎማውን ከጃንጥላው ወስዷል። አይታጠፍልሽ፣ አይሄድልሽ።

ሌላው፣ የእጅ ማሰሪያ ገመድ አለው ወይ? የሩጫ ጋሪ እጀታው ላይ ገመድ አለው፣ እጅ አንጓ ላይ ይገባል፣ ቢያመልጥሽ አብሮሽ ይቆማል። ለሩጫ አይደለም የምልሽ፣ በዚያ ወገብ አትሮጪም፣ ልጅቷም ገና ናት፤ ስድስት ወር ሳይሞላ የሚፈቅድ አምራች አላየሁም፣ ብዙዎቹ እስከ ስምንት ጠብቁ ይላሉ። ከጅሬን ቁልቁለት ላይ ግን ገመዱ ያስፈልግሻል። አባ ጅፋር እዚያ ዳገት ላይ ቤተ መንግሥታቸውን ሲያሠሩ ጋሪ ገፊ አላሰቡም።

ባለ ባጃጁ
ሐሙስ፣ ጠዋት 12:40

ቁልቁለት ላይ ለመቆም ደግሞ ፍሬኑን ብቻ አትመኚ። ጋሪውን አግድም አዙሪው፣ ጎማው ቁልቁል አይይ። እኔም እንደዚያ ነው የማቆመው።

ወደ ባጃጅ ስለማስገባት ግን እውነቱን ልናገር፣ ያ ትልቁ ጋሪ እንዳለ አይገባም። ሦስቱንም ጎማ ፈትተሽ፣ አጥፈሽ፣ ከኋላ ወንበሩ ላይ አጋድመሽ፣ አንቺ ልጅቷን ታቅፈሽ ጎን ትቀመጫለሽ። ሌላ ሰው አይጫንም፣ ስለዚህ ኮንትራት ነው የምትከፍይው። በየቀኑ ከሆነ አስቢበት። ወይ እናትሽ ቤት የሚቀር ሌላ መላ ፈልጊ።

የኮቺ አያት
ሐሙስ፣ ጠዋት 4:00

ልጆቼ፣ እኔ ሰባት ልጅ በጀርባዬ ነው ያሳደግኩ፣ አልሐምዱሊላህ ሁሉም እግራቸው ቀጥ ያለ ነው። በጀርባ ሲታዘል እግሩ ተከፍቶ ስለሚያቅፍሽ ዳሌው ይጠነክራል፣ ይኼን ሐኪም ቤትም ነግረውኛል። ግን የታመመች እናት ትዘል አልልም። ጋሪውም ይግዛ። እኔን የሚያሳስበኝ ልጅቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ መንገደኛው ሁሉ የሚያያት ነው። እኛ ስናዝል ልጅ ጀርባችን ላይ ተከልሎ ነው የሚሄደው። ደግሞ የባጃጁ ጭስ፣ ያ ሁሉ ቁመቷ ላይ ነው። እስቲ አስቡት።

የቦሳ ኪቶ እናት
ሐሙስ፣ ጠዋት 4:25

እትዬ፣ ስለ ጭሱ እኔም አስቤበታለሁ። አሮጌው መቀመጫው ከአዲሱ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ባለ ባጃጁ ዝቅ ይበል ብሎኝ ነበር፣ እርስዎ ደግሞ ከፍ ይበል የሚሉ ይመስላል። ዋናውን መንገድ ትቼ በውስጥ በውስጥ እሄዳለሁ ብያለሁ፣ ውስጡ ግን ጭቃ ነው! ስለ ዓይን የሚሉትን እናቴም ብላዋለች፣ ሳልጠይቃት ቀይ ክር አዘጋጅታለች።

የቦሳ ኪቶ እናት
ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ጠዋት 3:10

ስለጠፋሁ ይቅርታ። አሮጌውን ገዛሁ፣ በ9 ሺህ 500፣ ጎማው መተንፈሱ ነው ያስቀነሰልኝ። ባለቤቴ ሁለት ቀን አኮረፈ።

ሁለቱ የተነፈሱት ጎማዎች ላይ 12 ½ × 2 ¼ ተጽፏል። አንዱ በእሾህ ተበስቶ ነበር፣ በማስቲሽ ተጠገነ፤ አንዱ ካላማዳሪው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ተቀየረ። የጠገነልኝ ልጅ በእጅ ፖምፓ ሲነፋ እኔ እንደ ተቆጣጣሪ ቆሜ በአውራ ጣቴ እየጫንኩ። «እህቴ ሙያው አለሽ እንዴ?» አለኝ። ተነግሮኛል አልኩት።

ልጅቷ እስክትቀመጥ አንድ ወር በቡና ነው የተለማመድኩት። 7 ኪሎ ጥሬ ቡና በፌስታል አድርጌ፣ መቀመጫው ላይ አስቀምጬ፣ አምስቱንም ቀበቶ አሰርኩ። ጎረቤቶቼ በመስኮት እያዩ። ጭቃው ላይ ፊት ጎማውን ቆልፌ ገፋሁ፣ ሄደ። ኮብልስቶኑ ላይ ቡናው ፌስታሉ ውስጥ ሽር ሽር ይላል እንጂ አልዘለለም። ከዚያ ሆን ብዬ በሰያፍ ከጠርዙ አወረድኩት፣ ባለ ባጃጁ አትውረጂ ያለኝን። ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዘመመ፣ እንደ ሰከረ ሰው፣ ከዚያ ግልብጥ። ቡናው በቀበቶው ተንጠልጥሎ ቀረ። ያንን ካየሁ በኋላ በሰያፍ አልወርድም፣ ዝንጉ ብሆን እንኳ እጄ ራሱ ያዞረዋል።

ባጃጁን በተመለከተ ባለ ባጃጁ ልክ ነው፣ ኮንትራት በየቀኑ አልቻልኩም። አሁን ጋሪው ለእኔ ሰፈር ብቻ ነው፣ እናቴ ጋ የሚያደርሳት ባለቤቴ ሆኗል፣ አዝሎ። አንቀልባ ይሻላል፣ ደስ ይበልህ።

ስድስት ወሯ በሞላ በሦስተኛው ቀን አስቀመጥኳት። አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ፣ እዚያው ኮብልስቶኑ ላይ፣ እንቅልፍ ወሰዳት።

አንቀልባ ይሻላል
እሑድ፣ ጠዋት 3:14

አባትየው ያዝላል! ፎቶ ይለጠፍ።

ተቆጭቼ የቀረሁ
እሑድ፣ ጠዋት 3:30

ዝናብስ? ክረምቱ ደርሷል።

የቦሳ ኪቶ እናት
እሑድ፣ ጠዋት 3:52

ዝናብ መከላከያው ጠፍቷል፣ ላስቲክ ልሰፋለት ነው፣ በጎንና በጎኑ የአየር መግቢያ ትቼ። ነርሷ፣ ሳትናገሪኝ በፊት ልንገርሽ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ረሳሁ። እናቴ፣ ያቺ «በእንጨት ላይ ልጅ አይጫንም» ያለችው፣ ትናንት ደውላ ለሐሙስ ገበያ ጋሪውን ላኪልኝ አለችኝ። ለልጅቷ መስሎኝ ደስ አለኝ። ለሽንኩርት ነው።

ባለ ባጃጁ
እሑድ፣ ጠዋት 4:01

ሽንኩርቱን መቀመጫው ላይ ያስቀምጡት እንጂ እጀታው ላይ እንዳያንጠለጥሉት በይልኝ። ወደ ኋላ ይገለበጣል።